በባልዲ የመጣው ዓሣ

እትዬ መብላት ያቆመችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ እንጀራው ጠርዙ ብቻ እየተቆረሰ ይመለስ ጀመር። ቀጥሎ ሾርባው ከግማሽ በላይ ተረፈ። ከዚያ ማንኪያው ራሱ ሳይርስ ተመለሰ። ሳህኑን አንስቼ ኩሽና ከመድረሴ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆም እልና ምን ያህል እንደጎደለ አያለሁ። አንዳንድ ቀን የጎደለ ይመስለኛል፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን እኔው ስሸከመው አጋድዬው ወጡ ወደ አንድ ወገን ሄዶ ነው።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አስተማሪ ነበረችና ፊደልም ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያለውን እኔው በየመጽሐፉና በየጋዜጣው ቁራጭ እንደምንም ለቃቀምኩት። አሁን ኖርዝ ዮርክ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፤ እሷ መስኮት ሥር ተኝታ እኔን ትጠብቃለች።

ሕመሙ የሆድ ካንሰር ነው። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፣ ዓይን ዓይናችንን እያየች ነው የምትናገረው። ያን ክረምት እንዲህ አለችን፤ «ኪሎዋ ባለበት ከቆመ ኬሞውን እንቀጥላለን። ከቀነሰ ግን ሰውነቷ አይችለውም፣ እናቆማለን።» የሚቀጥለው አፖይንትመንት ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሚዛን ላይ ትቆማለች። እኔ ለእትዬ ሳስተረጉም «እናቆማለን» የሚለውን ዋጥኩት። እሷ ግን የሐኪሟን ፊት አንብባ ጨርሳለች። አስተማሪ አይደለች? ስንት ፊት አንብባለች።

ይኸ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ሁዳዴ ገብቷል። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ጾም የለበትም፤ ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ፣ ፈትቼሻለሁ» አሏት። «እሺ አባ» ብላ መስቀል ተሳለመች። እሳቸው ኤሌቬተር ውስጥ ሳይገቡ ወተቱን በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

«እትዬ፣ ፈቱሽ እኮ!»

«እሳቸው ፈቱኝ፤ እኔ ራሴን አልፈታሁም።»

«እሺ ምን ልስጥሽ?»

ወደ መስኮቱ ዞራ «ዓሣ ቢሆን እቀምስ ነበር» አለች።

ይህ በመካከላችን የቆየ ክርክር ነው። እናታችን ከማረፏ በፊት እሷ ወጣት ሆና ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስታስተምር ኖራለች፤ እዚያ ዓሣ በጾም ይበላል፣ እንደ ጎመን ነው የሚታየው ትላለች። እኔ ያደግሁት ዓሣ በማይታወቅበት ደጋ ነው። ለእኔ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው፤ በሁዳዴ ዓሣ አፌ ገብቶ አያውቅም። ስንት ጾም በዚህ ተነታርከናል! የዚያን ቀን ግን ክርክሬን ጣልኩት። በላች ማለት በላች ነው።

ከሱፐርማርኬት በረዶ የሆነውን አመጣሁ። «ይኼ የስንት ዓመት ሬሳ ነው?» ብላ መለሰችው። ከዚያ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ በሕይወቱ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አንዱን በመረብ ጨለፈና እፊቴ አናቱን በዱላ ብሎ አጋደመው። በስመ አብ የለ፣ ምን የለ! በእኛ አገር ዶሮ እንኳ ስትታረድ የሚያርዳት ይመረጣል፤ የምትባረክበት ቃል አለ። ለእትዬ ምንም ሳልነግራት ጠብሼ አቀረብኩላት። አንዴ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ናፕኪን ላይ ተፋችው። «ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች።

እኔ ግን ጭቃው አልነበረም ያሳሰበኝ። ሳይባረክ የሞተ ነገር ሰጥቻት፣ አፏ አውቆት ነው የተፋችው አልኩ። ይህን ሐሳብ ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ፈጠርኩት፣ ራሴው አመንኩት። ቀጥሎ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፎቃችን ላይ፣ ከእኛ ሦስተኛው በር፣ አንድ ወሎዬ ጎረቤት አሉን። ሙስሊም ናቸው፤ በሱዳን በኩል አድርገው በድሮ ጊዜ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ያረፈችባቸው ሰው። ክረምት ሲሆን በረዶ በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ድሮ ታክሲ አብሯቸው የነዳ ሰው ነው ያስለመዳቸው። በኤሌቬተር ስናገኛቸው እትዬ ሁልጊዜ «ይኼ ሰውዬ ቤት ያጣ ይመስል በረዶ ላይ ይውላል» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ያን ሰሞን ኤሌቬተር ውስጥ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይላል?»

«የእኔ? ሲምኮ ሐይቅ ላይ ነው የማጠምደው፣ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ነጭ ዓሣ ይባላል። ወላሂ እንደ ወተት ነው!»

«ይስጡኝ፣ ለእትዬ።»

ፊታቸው ወደቀ። «የለኝማ። ዘንድሮ አልሆነልኝም፤ ባዶ እጄን ነው የምመለስ። ማክሰኞ ግን እሞክራለሁ።»

ማክሰኞ እኔ ኦፍ ነኝ። «ይውሰዱኝ፣ ሁለት ሰው ሲሆን ይሻላል» አልኳቸው። ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ። «አንቺ በረዶ ላይ ዓሣ? እሺ፣ ፈቃዱን በስልክሽ ግዢ፤ ወፍራም ካልሲ ሁለት ልበሺ።»

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። የእሳቸውም ረመዳን ነበር፣ የእኔም ሁዳዴ፤ እሳቸው ጀንበር እስክትጠልቅ ውኃ እንኳ አይቀምሱም፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሁለት ጾመኛ ምግብ ፍለጋ በአንድ ቫን ወደ ሰሜን ሲከንፍ! «አላህም ሥላሴም ዛሬ ይስቁብናል» አሉ መሪውን ይዘው።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ነጋ። ሐይቅ ልበለው እንጂ ዓይኔ ያየው ነጭ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ድንኳን ተተክሎበታል። ዕቃችንን በሸርተቴ ጭነው ቀድመው ሄዱ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ውኃ ላይ በእግሬ ልሄድ ነው? ሁለት እርምጃ ስሄድ ከሥሬ የሆነ ነገር እንደ ከባድ መኪና አጉረመረመ። «ጋሼ! ተሰነጠቀ!»

«አይዞሽ፣ እንዲህ ሲጮኽ ነው ደህንነቱ። ነይ፣ ዱካዬን እየረገጥሽ ነይ።»

በረዶውን በሞተር መሰርሰሪያ በሱት። ጥቁር ውኃ ቡልቅ አለ። ሁለት ጉድጓድ፣ በላዩ ድንኳን፣ ውስጡ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ፣ ሁለት የተገለበጠ ባልዲ ለመቀመጫ። ጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ በረዶ ስለሚሠራ እየቀዱ ማጥራት ያስፈልጋል፤ ያ የእኔ ሥራ ሆነ። ከቤት ያመጣሁት የወጥ ጭልፋ ነው። «ይኸው ባለሙያ!» ብለው ሳቁብኝ።

ዘንጉ ክንድ አይሞላም፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ፣ መንጠቆ ያለው። ያንን እስከ ታች መስደድ ነው፤ ከበረንዳችን እስከ ፓርኪንጉ ያለውን ያህል ይወርዳል። ከዚያ ከመሬቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ነቅነቅ አድርጎ፣ መተው። ነቅነቅ፣ መተው።

«ስሚኝ» አሉ። «ይኼ ዓሣ እንደ ሌላው አይጎትትም። ከታች መጥቶ ወደ ላይ ያነሳዋል። ክርሽ ድንገት ከላላ በልቶልሻል ማለት ነው። ከንፈሩ ደግሞ ስስ ነው፤ በኃይል ከሳብሽ ይቀደዳል። ቀስ አድርገሽ፣ ሳታቋርጪ ጠቅልዪ።»

ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን ክሩ እጄ ላይ ንክች ሲል ተሰማኝ፤ እኔም ባልዲ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው ሽቅብ መዥረጥ አደረግሁት። ከበደ፣ ወዲያው ቀለለ። ያወጣሁት መንጠቆውን ብቻ ነው።

«ከንፈሩን ይዘሽ ቀረሽ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንም። በረዶ እጠርጋለሁ፣ እነቀንቃለሁ፣ እተዋለሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ስልኬን አየዋለሁ፤ ሳልመጣ ለእትዬ ቴርሞስ ሙሉ አጥሚት አጠገቧ ትቼላታለሁ። ደወልኩላት።

«ጠጣሽ?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ስንት ኩባያ?»

«አንቺ ዓሣሽን አጥምጂ» ብላ ዘጋችው። አልጠጣችም። ጋሼ ድምፁን ሰምተዋል፣ ወደ ጉድጓዳቸው አጎንብሰው ቀሩ። ሚስታቸው እንዴት እንዳረፈች አውቃለሁ፤ እሷም መጨረሻ ላይ አልበላ ብላቸው ነበር። ሁለታችንም ያንን አላነሳንም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። «እንጠቅልል እንግዲህ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ያኔ ነው ክሬ ጉድጓዱ ላይ ተልፈስፍሶ የተኛው።

«ውይ፣ ተበጠሰብኝ ጋሼ!»

«የት አባቱ ይበጠሳል! በልቶልሽ ነው! ጠቅልዪ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቀስ፣ አትቁሚ!»

ጠቀለልኩ። መጀመሪያ ባዶ ነበር፣ ከዚያ ክብደት መጣ፣ ሕይወት ያለው፣ ራሱን የሚነቀንቅ ክብደት። እመቤቴ፣ እመቤቴ እያልኩ ጠቀለልኩ። ጋሼ በደረታቸው ተኝተው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ውኃ ውስጥ ከተው አወጡት። እንደ ብር የሚያበራ፣ አፉ ትንሽ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ በረዶው ላይ ተዘረረ። ጋሼ አጭር ዱላቸውን አነሱ።

«ቆዩ!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምነው?»

«እርስዎ ሊገድሉት ነው?»

«ታዲያ ማን ይግደለው? ፖሊስ ልጥራ?»

በእኛ አገር የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የሚባል አለ፤ ጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለየብቻ የሚታረደው ለዚያ ነው። እኚህን ደግ ሰው በጾም አንጀታቸው እዚህ ድረስ አስመጥቼ፣ «የእርስዎ እጅ አይሆንም» እንዴት ልበል? እሳቸው ግን ወሎዬ ናቸው፣ ወዲያው ገባቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ሞኚት! ዓሣ እኮ አይታረድም። በእኛም አይታረድም፣ በእናንተም አይታረድም። ከውኃ ሲወጣ አለቀ!»

«እርግጠኛ ነዎት በእኛ?»

«ከእናንተ ጋር ነው ያደግሁት።»

«እትዬ ማን ገደለው ብትለኝስ? ዛሬ ሰበብ እንድታገኝ አልፈልግም ጋሼ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። ዱላውን በእጄ አስያዙኝ። «እሺ፣ አንቺ ግደዪው።»

«ሴት ታርዳለች እንዴ?»

«እንግዲህ ክርስቲያን ወንድ ከየት አባቴ ላምጣልሽ! በሕይወቱ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ይቀጡናል። እኔ ድንኳኑን ልንቀል፣ አንቺ የፈለግሽውን አድርጊ» ብለው ወጡ።

ያደረግሁትን ልናገር። በጭልፋዬ ውኃ እየቀዳሁ ባልዲውን ሞላሁት፣ ዓሣውን ጨመርኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩት። ሕንፃችን አሥረኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ኮሌጅ የሚማር አንድ ዲያቆን አለ፤ በስመ አብ ብሎ ይባርክልኛል ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ሲመለሱ «ጨረስሽ?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩ። በጾም ዋሸሁ።

መንገዱን ሙሉ ባልዲው ከኋላችን ሲንቦጫረቅ ተሰማ። «ምንድነው እሱ?» አሉ አንዴ። «በረዶው እየቀለጠ ይሆናል» አልኩ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ቤት ስገባ እትዬ ነቅታለች። አጥሚቱ እንዳለ ነው። ለዲያቆኑ ኮል አደረግሁ፤ አያነሳም፣ ክላስ ላይ ነው መሰለኝ። ዓሣው ባልዲው ውስጥ ተጣጥፎ ስላስጨነቀኝ ባኞ ቤት ገብቼ ገንዳውን ቀዝቃዛ ውኃ ሞላሁና ለቀቅሁት። የውኃውን ድምፅ ሰምታ «ምን እያጠብሽ ነው?» አለች። ነገርኳት፤ ዲያቆኑን እየጠበቅሁ እንደሆነም ጭምር።

«ምን ሊያደርግ?»

«ሊያርደው።»

ሳቀች። ከገና ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ሆዷን ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። «ዓሣ ሊያርድ! ዓሣ ይታረዳል ያለሽ ማነው? ሌላውን ሁሉ ሳስተምርሽ ይኼን ዘለልኩት? ነይ፣ አንሺኝ፣ ልየው ይኼን ለቄስ የሚቀመጥ ዓሣ!»

ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ባኞ ቤት ወሰድኳት፤ ክብደቷ ክንዴ ላይ አልተሰማኝም። የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግቼ አስቀመጥኳት። ደስ ብሎኛል እኮ፤ እንዲህ ከሳቀች ትበላለች ብያለሁ። እሷ ወደ ገንዳው አጎነበሰች። ዓሣው ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀስ በቀስ ሳቋ ከፊቷ ወረደ።

«ይኼን ትንፋሽ አውቀዋለሁ» አለች።

«እትዬ፣ ነይ እንውጣ።»

«መልሺው።»

«የት ልመልሰው? ሲምኮ እኮ ሩቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ከዚያ ሁሉ መንገድ አመጣሽው? እዚያው አንዴ መትተሽ ብትገላግይው ምን ነበረበት?»

እጇን ውኃው ውስጥ ከተተች፤ ከጎኑ አስቀመጠችው፣ አልነካችውም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ጾሜን አልፈታሁም። እንደዚያው ተቀምጠን ሳለ ዓሣው በጎኑ ጋደል አለ፣ ተቃና፣ እንደገና ጋደል አለ። ከዚያ በኋላ አልተቃናም። የከተማው ውኃ ይሁን፣ የባልዲው ጉዞ ይሁን አላውቅም።

ጋሼ ካፈጠሩ በኋላ ቴምር ይዘው አንኳኩ። ባኞ ቤት አስገባኋቸው። ገንዳውን ሲያዩ አልደነገጡም።

«ያውቁ ነበር?»

«ሲዋኝ የማይሰማ ጆሮ አለኝ እንዴ?» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ኩሽናዬ ውስጥ ቅርፊቱን ላጡት፣ ሆዱን ከፈቱት፣ አጠቡት። ማን ያርደው የሚል ጥያቄ ከእኔም ከእትዬም አልተነሳም። «አላህ ያሽርዎ እትዬ፣ ይብሉ እንግዲህ» ብለዋት ወጡ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ» አለቻቸው።

ዘይት ትንሽ፣ ሎሚ፣ ሌላ ምንም። ሥጋው እንዳሉት እንደ ወተት ነጭ ነው። አልጋዋ ላይ ትራስ ደግፌ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። እንጀራ ቆረሰች። በጣቶቿ ዓሣውን ፈልቅቃ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ሐይቅ ዳር የኖረ ሰው አለቃቀም ነው። ጠቀለለችው። አያታለሁ። እጇ ተነሳ። ወደ አፏ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ።

«እንኪ።»

«እትዬ፣ ላንቺ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ክንዴ እየደከመ ነው፣ እንኪ።»

የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። በሁዳዴ ያልገባ ነገር አፌ ገባ። ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል እስክውጥ ጠበቀች።

«ጭቃ ይላል?»

«አይልም።»

«አይልም፣ አውቄዋለሁ።» ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና። እሱንም ጎረስኩ። ከዚያ እጇ ሳህኑ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። አንዴ ቅመሺ፣ ለእኔ ስትዪ፣ ለእናታችን ስትዪ እያልኩ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። «ዓይኑን አየሁት እኮ» አለች በመጨረሻ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ከሱቅ እንደተገዛው ዓሣ ሞቶ ቢመጣላት፣ ሐይቁ ላይ በጋሼ ዱላ አልቆለት ቢሆን ኖሮ ትቀምስ ነበር ወይ? እስከ ዛሬ ይኼን አገላብጣለሁ። ትቀምስ ነበር እላለሁ። ከዚያ ደግሞ አጥሚቱ ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ ሄድን። ጃኬቷን አወለቅሁላት፣ ጫማዋን እንድታወልቅ ሲነግሯት ግን ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን ስፈታ ጊዜ ፈጀሁ፣ ሚዛኑን ላዘገይ ብዬ። ሚዛኑ ላይ ቆመች። ነርሷ ቁጥሩን አየች፤ ካለፈው ጎድሏል።

«በዚህ ሳምንት ምግብ ወስዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለእትዬ አስተረጎምኩላት። እትዬ በአንድ እጇ ትከሻዬን እንደያዘች ቀና አለች።

«ዓሣ በላን በያት» አለችኝ።

አልኳት። ነርሷ እኔን አየችኝ፣ ሚዛኑን ደግማ አየች፣ ከዚያ ጻፈች።